የእናቴ እንግሊዝኛ

ወንድሜ የእንግሊዝኛ መምህር ነበር። ከሥራ ከወጣ ቆይቷል፤ ደብረ ማርቆስ ግን አሁንም «ቲቸር» ይለዋል። ባለ ሱቁ ቲቸር ይለዋል፣ የባጃጅ ሾፌሩ ቲቸር ይለዋል፣ አረቄ የምትቀዳለት ሴትዮም «ቲቸር፣ በቃህ እንግዲህ» ነው የምትለው። እንዲህ ሲሉት ስሰማ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እመርጣለሁ።

የተወለድነው ሮብ ገበያ አጠገብ፣ የጮቄ ውርጭ ገብሱን በሚያሳርርበት አገር ነው። አባታችን እኔ ነፍስ ሳላውቅ ሞተ። እናታችን መሬቷን የሚያርስላት ሰው እየለመነች ወንድሜን አስተማረች። እሱም ልፋቷን ከንቱ አላስቀረውም፤ ተምሮ መምህር ሆነ፣ ደብረ ማርቆስ ተመደበ፣ እኔ ስምንተኛ ክፍል ስጨርስ ደግሞ አስመጥቶ እሱ ዘንድ አስቀመጠኝ።

ዘጠነኛ ክፍል ስገባ እንግሊዝኛ ያስተማረኝ እሱ ነው። ክፍል ውስጥ «ቲቸር»፣ ቤት ስንገባ «ጋሼ» እለዋለሁ። ቃላት ይወድ ነበር። አንድ አዲስ ቃል ካገኘ እንደ ዳቦ ቆርሶ ለሁሉም ሳያካፍል አያድርም።

በጥምቀት ማግስት ነው። አንድ ተማሪ ዓይኑ ደም መስሎ ዴስኩ ላይ ተደፍቷል።

«ምን ሆነሃል?» አለው ወንድሜ።

«አሞኝ ነው ቲቸር።»

«የአክስቱ ጠላ ነው ያመመው!» አለ ከኋላ አንዱ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ።

ይቆጣል ብለን ስንጠብቅ ጠመኔውን አነሳ። «እንግዲያው ሕመሙን በእንግሊዝኛ እንወቅለት» አለ። «እንግሊዞች ለዝናባቸው ካላቸው ስም ለሰካራማቸው ያላቸው ይበልጣል።»

«ቲፕሲ» ብሎ ጻፈ። «ይሄ ሞቅ ያለው ነው። ዘፈን ያምረዋል፣ የተጣላውን ሰው ፈልጎ ይስማል።» ቀጥሎ «ሃመርድ» አለና ጠረጴዛውን በቡጢ ነረተው፤ «ይሄኛው በመዶሻ የተቀጠቀጠው ነው።» «ፕላስተርድ» ሲል ደግሞ ጀርባውን ግድግዳው ላይ ለጥፎ ቀስ እያለ ወደ መሬት ተንሸራተተ። «ይሄ እንደ ጭቃ የተለሰነው ነው፤ ከግድግዳው የሚያላቅቀው ሰው ይፈልጋል።» ሆዳችንን ይዘን ነበር የምንስቀው። በማግስቱ የሚመጣውን የራስ ምታት ሃንግኦቨር ይሉታል ሲለን ያ የታመመው ልጅ ራሱ ቀና ብሎ «እኛ አንጎበር የምንለው ነዋ፣ ቲቸር!» አለ። ወንድሜ በደስታ አጨበጨበለት።

መጨረሻ ላይ «ዌስትድ» ብሎ ጻፈ። «የባከነ ማለት ነው። እህል ሲበላሽ፣ ጊዜ በከንቱ ሲያልፍ የሚሉትን ቃል ነው ለሰውየውም የሚሰጡት።» ይቺን ሲል አልተወነም። ጠመኔውን አስቀምጦ እጁን አራገፈ፤ ደወልም ተደወለ።

ያኔ እሱ ራሱ በዓመት በዓል አንድ ጣሳ ጠላ ከተጎነጨ ይበቃው ነበር።

እንዴት እንደጀመረ ሰው ሲጠይቀኝ መልስ የለኝም። ጎረቤቶቻችን ምክንያት አላጡም። አንዳንዱ ያጫት ልጅ ትታው አዲስ አበባ ስለሄደች ነው ይላል፤ አንዳንዱ አስደግመውበት ነው ይላል። አብሬው የኖርኩት እኔ የማውቀው ቀስ እያለ መምጣቱን ብቻ ነው። መጀመሪያ ቅዳሜ ቅዳሜ ከመምህራን ጓደኞቹ ጋር ቢራ ነበር። ቅዳሜ ዓርብን ሳበች፣ ዓርብ ሐሙስን ሳበች። ቢራው አረቄ ሆነ። ጓደኞቹ ትዳር እየያዙ ወደየቤታቸው ሲገቡ እሱ ብቻውን ቀረ። ከዚያ አገሩ ታወከ፤ መንገድ ተዘጋ፣ ትምህርት ቤት ተዘጋ። መምህር የሚያስተምረው ሲያጣ ጠዋት ተነስቶ የት ይሂድ? ሌሎቹ የሚይዙት ነገር ፈለጉ፤ አንዱ ዶሮ አረባ፣ አንዱ ገጠር ወርዶ ከአባቱ ጋር አረሰ። ወንድሜ ጠጣ።

እኔ በዚያን ጊዜ ትምህርቴን ጨርሼ፣ ገበያው አጠገብ ባለ ልብስ ስፌት ቤት እሠራ ነበር። እናታችን ጉልበቷ ደክሞ ብቻዋን መኖር ሲያቅታት ወደ እኛ ልናመጣት ተስማማን። ሊያመጣት ከመሄዱ በፊት ወንድሜ ጠራኝና «አደራ» አለኝ። «እማዬ እንዳታውቅ። እኔን ያስተማረችኝ ለዚህ አይደለም።»

«እንዴት አድርጌ ልደብቅልህ ጋሼ? አፍንጫ የላትም?»

«ለአፍንጫዋ ማስቲካ አለ። ለጆሮዋ ደግሞ እንግሊዝኛ አለን።»

እንደዚያው ሆነ። ሲመሽ የግቢውን በር ስከፍትለት ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ምንድን ነህ?» እለዋለሁ። «ቲፕሲ» ካለኝ ገብቶ ከእናቱ ጋር እራት ይበላል፤ ስለ ጎረቤቱ፣ ስለ ከብቱ ያጫውታታል። «ሃመርድ» ካለኝ ደክሞታል ብዬ በቀጥታ ወደ ክፍሉ አስገባዋለሁ። ፕላስተርድን ራሱ አይናገራትም፤ በሰው ትከሻ ላይ ተንጠልጥሎ ሲመጣ ሳየው እኔው ነኝ የምላት። እናቴ መደቧ ላይ ሆና «ምን አለሽ?» ትለኛለች።

«ሥራ በዝቶበት ነው እማዬ።»

«ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ የለም እንዴ?»

ወዲያው እሷው «ይሁን፣ ልጆች ያስጠና ይሆናል» ብላ ከጭንቅ ታወጣኛለች።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ እናቴ ደጅ ተቀምጣ ከአንዲት አሮጊት ጎረቤታችን ጋር ትጫወታለች። እኔ ከአጥሩ ውጭ ነበርኩ፤ አላዩኝም።

«ልጅሽ እንዴት ነው?» አለቻት ሴትዮዋ።

«ትናንት ደህና ነበር፤ ቲፕሲ ነበር» አለች እናቴ። «ከትናንት ወዲያ ነው የባሰበት። ከትናንት ወዲያ ፕላስተርድ ነበር።»

ቃሉ አፏ ውስጥ ተሰባብሯል፤ ግን አልተሳሳተችም። ሴትዮዋ ግራ ገብቷት «ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት በሽታ ነው?» ስትላት እናቴ «የተማረ ሰው በሽታ ነው» አለቻት።

ሴትዮዋ እስክትሄድ አጥሩን ተደግፌ ቆየሁ፤ ከዚያ ገብቼ እናቴ አጠገብ ተቀመጥኩ።

«እማዬ፣ ማን ነገረሽ?»

«ማን ይነግረኛል? በሩ ላይ የምትባባሉትን እሰማለሁ፤ ከዚያ ምን ሆኖ እንደሚገባ አያለሁ። ላምም እኮ ስሟን ስትሰማ ትለምዳለች።» ነጠላዋን አስተካከለች። «አንዷን ግን አልለየኋትም። ባለፈው ብቻሽን ሆነሽ ስታለቅሺ ያልሻት። ዌስት… ምናምን።»

«ዌስትድ።»

«እሷ። ምን ማለት ናት?»

ልዋሻት ፈለግሁ። ዓይን ዓይኔን ስታየኝ ግን ውሸቱ አልመጣልኝ አለ። «የባከነ ማለት ነው» አልኳት።

«እህል ሲባክን አውቃለሁ» አለች። «መሬት ቢፈስ ወፍ ይለቅመዋል፤ ለወፍ ይተርፋል። ሰው ሲባክን ለማን ይተርፋል?»

ከዚያ በኋላ መደበቅ ቀረ። እናቴ ወንድሜን አልተቆጣችውም፤ በጠዋት፣ ገና ከቤት ሳይወጣ፣ እግሩ ላይ ወድቃ ለመነችው። እናቱ እግሩ ላይ ስትወድቅ የሚችል ልጅ የለም። በማግስቱ ተያይዘን ከከተማው ወጣ ካለ ጸበል ወረድን፤ እዚያው ሰነበተ። ውኃው ሲወርድበት ጥርሱ እየተንገጫገጨ ይጮሃል፤ እናቴ ዳር ቆማ ጩኸቱን እየሰማች ክፉ መንፈሱን «ውጣለት» እያለች ታለቅሳለች።

የንስሐ አባቱ ዳግመኛ እንዳይቀምስ ገዘቱት። ቅኔ የተማሩ ሰው ናቸውና የወንድሜ ልብ በቃል እንደሚገኝ ያውቃሉ። «በሰከረና በሰከነ መካከል ያለችው አንዲት ፊደል ናት» አሉት። «ረን ጣል፣ ነን ያዝ። ከዚህ የቀለለ ትምህርት የለም።»

ወንድሜ ከብዙ ጊዜ በኋላ ሳቀ። «እውነትዎን ነው አባ። እንግሊዞች ደግሞ መጠጥ የተወውን ሰው ጋሪ ላይ ወጣ ይሉታል። ሲመለስበት ከጋሪው ወደቀ ነው የሚሉት።»

«እንግዲያው አጥብቀህ ያዝ» አሉት።

ያ ክረምት ለቤታችን የተሻለው ጊዜ ነበር። ወንድሜ አጥሩን አደሰ፣ ጣሪያው የሚያፈስበትን ደፈነ። ጠዋት ጠዋት እናቴ «ጋሪው ላይ ነህ?» ስትለው «ላዩ ላይ ነኝ እማዬ» ይላታል። ፊቱ ሞላ። እጁ መንቀጥቀጡን ግን አልተወም፤ ሻይ ሲጠጣ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ነበር የሚይዘው። ሌሊት እንቅልፍ እንደማይወስደውም አውቃለሁ፤ በመካከላችን ያለችው ግድግዳ ስስ ናት።

መስከረም ላይ ትምህርት ቤቱ ይከፈታል ተባለ። አዲስ ሸሚዝ ሰፋሁለት። አንገትጌውን ስለካው እንደ ሙሽራ ቀጥ ብሎ ቆመልኝ። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት እናቴ ግንባሩን ስማ ሸኘችው፤ ከዓይኗ እስኪጠፋም ከበሩ አልተንቀሳቀሰችም።

ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ወደ ስፌት ቤቱ መጣ። ከማሽኔ አጠገብ ባለችው በርጩማ ላይ ተቀመጠ። አቀማመጡን ሳይ የጠጣ መስሎኝ ደነገጥኩ፤ ትንፋሹ ግን ንጹሕ ነበር።

«ምን ሆንክ ጋሼ?»

«ሰሌዳው ላይ መጻፍ አቃተኝ» አለ። «ጠመኔው ከእጄ ወደቀ። ጎንበስ ብዬ አነሳሁት፤ መልሶ ወደቀ። ከኋላ አንዱ ‹ቲቸር ሃመርድ› አለ። ሁሉም ሳቁ።»

«ልጆች እኮ ናቸው። ተዋቸው።»

«ቃሉን ከየት አመጡት? ታላላቆቻቸውን ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ።» ቀና ብሎ አየኝ፤ ዓይኑ ጥርት ያለ ነበር። «እጠጣ በነበረበት ጊዜ ማንም እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። ይፈሩኝ ነበር። ዛሬ ባልጠጣሁበት ቀን አሉኝ።»

ትከሻውን ይዤ ነገ ይለምዱሃል፣ አንተም ትለምዳቸዋለህ አልኩት። ጭንቅላቱን ነቀነቀ። «ወደ ቤት ልሂድና ጋደም ልበል» ብሎ ተነሳ። ወደ ቤት አልሄደም። ሲመሽ ሁለት ሰዎች ደግፈው አመጡት። በሩን የከፈተችው እናቴ ነበረች።

«ወደቅህ ልጄ?» ብቻ አለችው።

እሱም ያን አዲስ ሸሚዝ በጭቃ ለውሶት «ወደቅሁ እማዬ» አላት።

ትምህርት ቤቱ ብዙ ታገሠው። ርእሰ መምህሩ ቤታችን ድረስ መጥተው መከሩት፤ እናቴም ቁጭ ብድግ ብላ አስተናገደቻቸው። አንድ ሳምንት ይገባል፣ አንድ ሳምንት ይቀራል። ከጊዜ በኋላ እሳቸውም መምጣት ተዉ፤ እሱም መሄድ ተወ። የንስሐ አባቱን መንገድ ላይ ሲያይ በሌላ መንገድ መዞር ጀመረ። ግዝቱን ማፍረሱ ከመጠጡ ይልቅ እንደሚያቃጥለው አንዴ ነግሮኛል። «አሁንማ ምን ቀረኝ?» አለኝ። «በዚህም ዓለም፣ በዚያም ዓለም ያለቀልኝ ሰው ነኝ።» እንዲህ ያለውን ሰው በምን ቃል ትመልሰዋለህ?

ባለፈው ዓመት ሑዳዴ ላይ፣ ጠዋት ፊቱን ሊታጠብ ወጥቶ ደም አስመለሰው። በባጃጅ ሆስፒታል አደረስነው። እኔ ራሱን ደግፌ፣ እናቴ እግሩን ታቅፋ። የመረመረው ሐኪም ወጣት ነው። ለእኛ ጉበቱ መጎዳቱን፣ ካላቆመ እንደማይተርፍ፣ ሲያቆምም በሐኪም ክትትል መሆን እንዳለበት በአማርኛ ነገረን። ከዚያ ወደ ነርሷ ዞር ብሎ በእንግሊዝኛ ተናገረ። ከተናገረው ውስጥ «አልኮሆሊክ» የምትለዋ ቃል ሁለት ጊዜ ወጣች።

እናቴ አልጋው ግርጌ ቆማ ነበር። ሐኪሙ ሲወጣ የነጠላዬን ጫፍ ሳብ አደረገችኝ።

«ይቺኛዋን አላውቃትም» አለችኝ ቀስ ብላ። «አልኮ… ያለውን። ከዌስትድ ትብሳለች?»

እኔ ሳልመልስ ወንድሜ ዓይኑን እንደጨፈነ ከአልጋው ላይ መለሰላት።

«ትብሳለች እማዬ። እነዚያኞቹ ሲነጋ ይለቃሉ። ይቺ አትለቅም።»

እናቴ አልጮኸችም። ብርድ ልብሱን እግሩ ላይ አጠበቀችና ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

ከሆስፒታል ሲወጣ ጥቂት ቀን ቤት ዋለ። ፋሲካን ከእኛ ጋር ፈሰከ፤ ከዶሮው ትንሽ ቀመሰ፤ እናቴ በእጇ ስታጎርሰው እንደ ልጅ አፉን ከፈተላት። በማግስቱ ወጣ። የት እንደሄደ ማናችንም አልጠየቅንም። ሲመለስ እናቴ ልብሷን በነጠላ ቋጥራ ነበር።

መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት። ወደ ሮብ ገበያ የሚሄደው መኪና እስኪሞላ ቋጠሮዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች።

«እማዬ፣ ብቻሽን እንዴት ትሆኛለሽ?»

«የእህቴ ልጆች አሉ። ልጄን አልጠላሁትም፤ እንዲህ ብለሽ እንዳታስቢ። ሲሞት ቆሜ ለማየት ግን አቅም የለኝም። አንዴ ቢሞት እቀብረዋለሁ። እሱ ግን በየቀኑ ነው የሚሞተው።» ከዚያ እጄን ያዘችኝ። «ያ ቀን ደርሶ ስትደውይልኝ ቃል አትደርድሪ። አሞታል፣ ደክሞታል፣ ነይ፣ እንዲህ ያለውን ሁሉ ተይው። ዝም በይኝ። እኔ ይገባኛል።»

ስለዚህ ስልክ ስደውልላት፣ ገና ድምፅዋ ሳይመጣ መናገር እጀምራለሁ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ገበያው፣ ስለማላውቀው ሰው ሠርግ፣ አፌ ላይ የመጣውን ሁሉ። ኔትወርኩ ተቋርጦ ዝም ያልኩ መስሎ ከተሰማት ወዲያው ትንፋሿ ይቆማል፤ «እማዬ፣ አለሁ! ደህና ነው! ደህና ነን!» እያልኩ እጮሃለሁ። የስፌት ቤቱ ሰዎች ያበድኩ ይመስላቸዋል።

እሷ ከሄደች በኋላ አንድ ሰኞ ወንድሜ ራሱ «ስትሄጂ በሩን ከውጭ ቆልፊብኝ» አለኝ። ቆለፍኩ። ምሳ ሰዓት ሮጬ ስመጣ በሩ ሥር ተቀምጦ አገኘሁት፤ ላቡ ልብሱን አርሶታል፣ ሰውነቱ እንደ ወባ በሽተኛ ይንቀጠቀጣል። «ክፈችልኝ እህቴ፣ በእማዬ ይዤሻለሁ» ይላል። ሐኪሙ በአንድ ጊዜ ማቆም ሊገድለው እንደሚችል ነግሮኛል፤ መጠጣቱም እንደሚገድለው ነግሮኛል። ለክትትሉ ወደ ሆስፒታል ይዤው ስሄድ ከመንገድ ያመልጠኛል። ከፈትኩለት። ጉልበቴን ስሞ ወጣ። ሌላ ጊዜም እንደገና ቆልፊብኝ አለኝ፤ ያን ቀን መስኮቱን ሰብሮ ወጣ፤ መስታወቱ ክንዱን ቆረጠው። መስኮቱን በቆርቆሮ መትቼ ዘጋሁት፤ ቤቱ ጨለመ። ከዚያ ወዲህ ቆልፊብኝ ብሎ አልጠየቀኝም።

አሁን ጺሙን የምላጨው እኔ ነኝ፤ እጁ ምላጭ አይይዝም። ጠዋት ሥራ ከመግባቴ በፊት ደጅ፣ ፀሐይ ላይ አስቀምጠዋለሁ። አንገቱ ቀጥኗል፣ ቆዳው ቢጫ ሆኗል። ዛሬ ጠዋት ስላጨው ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። የተኛ መስሎኝ እጄን ከፊቱ ሳነሳ «ጨረስሽ?» አለኝ።

«ገና ነኝ» አልኩት።

«ቀስ በይ» አለ። «አልቸኩልም።»

ጨርሼ ፊቱን በፎጣ ጠረግሁለት። ተነስቶ ኮቱን ለበሰና የግቢውን በር ከፍቶ ወጣ። እኔ የሳሙናውን ውኃ ደፋሁ፣ ምላጩን ከፍ ካለ ቦታ አስቀመጥኩ፣ ስልኬ ለእናቴ የምደውልበት ካርድ እንዳለው አየሁ፣ ወደ ሥራዬ ሄድኩ።